እጅ በማውጣት ስለተመረመረው ስፒከር

ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር አቶ መሳይ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ጅማ፣ ግንቦት 2001 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ይልቁንም የጉሮሮዎን ጤና ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። እኔ ከጨጓራዬ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ እሱም የተነሣብኝ በእርስዎ ግምገማ ላይ ከተገኘሁ ወዲህ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሱፊያን እባላለሁ፤ ከአሰንዳቦ እስከ አጋሮ ያለው ሰው የተበላሸ ራዲዮ፣ ስፒከርና ኮምፒውተር ተሸክሞ የሚመጣብኝ ጠጋኝ ነኝ፤ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ።

ባለፈው ወር በተካሄደው የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ፣ ንግግርዎ ሁለተኛ ሰዓቱን ሲይዝ የአዳራሹ ስፒከር ዝም አለ። የቀበሌው የኮምፒውተር ጸሐፊ ወይዘሮ የኔነሽ ድምፁን የሚቆጣጠሩት እሳቸው ስለነበሩ፣ ሽቦውን ሆን ብለው ቆርጠዋል በሚል አሻጥር ተጠርጥረው ከሥራና ከደመወዝ ታገዱ። ሁለት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። መርምሬ የብልሽቱን ምክንያት እንድናገር ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የተናገርኩትን ስላልሰሙኝ ደግሞ እነሆ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ደኅና ስፒከር በባትሪ ድንጋይ ሲነካ ቸክ ይላል። ይህኛው አላለም። የኤሌክትሪክ መፈተሻዬ ቴስተሩም ውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ መበጠሱን አሳየ፤ ከፍቼ ሳየው ከስሎ ጠቁሯል። በመቀስ የተቆረጠ ሽቦ አይከስልም፤ የሚከስለው ስፒከሩን ከአቅሙ በላይ ሲያስጮኹት ነው። ወይዘሮ የኔነሽ ሦስት ጊዜ ድምፁን ዝቅ ሲያደርጉ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከመድረክ በእጁ እየጠቆመ ከፍ ያስደረገው ማን እንደሆነ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷል። የሚቃጠለው ሽቦ ጢስ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ሲያስላቸው እርስዎ ስለ ግልጽነት ያስረዱን ነበር።

ሁለተኛ፣ ምርመራዬ ለግምገማ በመቅረቡ ክብር ተሰምቶኛል። ሽቦው ተቃጥሏል ወይስ ተቆርጧል የሚለው ጥያቄ እጅ በማውጣት ሲወሰን ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ አንድ ሰው ተቆርጧል ብሎ እጁን አወጣ። ሽቦው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከአሥራ አንዱ አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አላየውም። ቴስተሩን የያዝኩት እኔ ግን የአባልነት መብት ስለሌለኝ እጄን እንዳላወጣ በትሕትና ተነገረኝ። እጃቸውን ካወጡት መካከል ወይዘሮ የኔነሽ ለዓመታት ማመልከቻቸውን በነፃ የጻፉላቸው ጎረቤቶቻቸው ነበሩበት። ክቡር ሆይ፣ በሥራዬ ብዙ ቆሻሻ አይቻለሁ፤ ስፒከር ውስጥ አይጥ ወልዳ አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ዕለት ግን ተጸይፌ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤው ባለሙያውም አምኖበታል ይላል። አላመንኩም፣ አልፈረምኩምም። ባለመፈረሜ ሂስ ወረደብኝ፤ ግለሂስ እንዳደርግም ተጠየቅሁ። እንግዲህ ግለሂሴ ይኸውልዎ፤ ጥፋቴ ከስብሰባው በፊት መጥቼ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር አለመደበቄ ነው።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፤ ሆኖም ትዕግሥትዎንም የራሴንም ጨጓራ ላለመፈተን ትቼዋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይዘሮ የኔነሽ ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ስፒከሩን እኔ ያለ ክፍያ እጠግነዋለሁ፤ የተቃጠለ ሽቦ በአዲስ መጠቅለል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በራስዎ ጥፋት ሌላ ሰው የመቅጣት ችሎታዎን እያደነቅሁ፣ ሲጠሩኝ የምመጣ፣ ስናገር ግን የማልደመጥ ትሑት አገልጋይዎ፣

ሱፊያን አብዱልፈታሕ
የራዲዮና የስፒከር ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት በውሰት ስፒከር ስብሰባ ልትከፍቱ ስትሉ ድምፅ እንቢ አላችሁ። ማይክሮፎኑም መዝሙሩም በኮምፒውተሩ በኩል ስለሚያልፉና ሌላ የሚያውቅበት ሰው ስለጠፋ፣ ዘበኛ ልካችሁ ያገዳችኋቸውን ወይዘሮ የኔነሽን ከቤታቸው አስጠራችሁ። እሳቸውም መጡ። የማይክሮፎኑና የስፒከሩ ገመድ ተቀያይሮ መሰካቱን አይተው በየቀዳዳው መለሱት፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። አመሰግናለሁ ያላቸው ሰው አልነበረም። ገና የግቢውን በር ሳይወጡ፣ እርስዎ የስንብት ደብዳቤያቸውን ለሕዝቡ ሲያነቡ ሰሙ። በጣም ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።