በመጽሐፉ ያልተገኘው ቃል

ገና በማኅፀን ሳለሽ ባወቀሽ በእግዚአብሔር ስም ሰላምታዬ ይድረስሽ።

የተወደድሽ ልጄ ሆይ፤ እንዴት ሰንብተሻል? ያኔ በጀርባሽ አዝለሽው የነበረው ሕፃንስ እንዴት አደገ? እኔ ከጉልበቴ ሕመምና ከዓይኔ መድከም በቀር፥ ቸርነቱ ይመስገንና በዚህ በአኩዋፔም ተራራ ላይ አለሁ። ከሄድሽ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፥ ቅዳሜ ዕለት፥ ለጌታ እራት የሚዘጋጁትን ወጣቶች ሳስተምር፥ አርባ ዓመት እንደ ለመድሁት፥ «ጌታ፦ ራስህን እርዳ፥ እኔም እረዳሃለሁ ብሏል» አልሁ። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ኦፌይቤያ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ነበርና፥ «ናና፥ ይቅርታ፤ ይሄ ጥቅስ የለም እኮ» አለችኝ፤ አሁን ልጆቹ ሁሉ እንደ አያት ናና ነው የሚሉኝ። መጽሐፈ ምሳሌ ውስጥ እንድትፈልገው ብነግራት፥ «ኧረ ፈለግሁ! ከዘፍጥረት እስከ ራእይ የለም» አለች። አንዱ ጎረምሳ፥ «ዝም በይ አንቺ! ናና መጽሐፉ ሲጻፍ እዚያው ነበሩ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው።

ልጄ፥ እጅግ ተደነቅሁ። ስድሳ ስድስቱን መጻሕፍት ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ፈተሸቻቸው! እነዚህን ልጆች፥ ጧት ያነበቡትን ማታ አያስታውሱትም እያልሁ አማቸው ነበር። እኛ ግን መምህር የተናገረውን ሁሉ በቃላችን ስናጠና፥ «የት ተጽፏል?» ማለት ድፍረት ይመስለን ነበር።

ሦስት ቀን በአጉሊ መነጽር አገላበጥሁ። የለም። ኦፌይቤያን አስጠርቼ፥ «በሐሰት ጥቅስ ሰውን ከደጁ የመለሰ ምን ያድርግ ይላል ስልክሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጣቷን አሯሩጣ፥ «ብዙ ነገር ይላል ናና፤ አንዱ ይህን፥ አንዱ ያን። መምረጡ የርስዎ ነው» አለችኝ። ከዚያም ቀና ብላ አየችኝና ስልኩን ከቦርሳዋ ከተተችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ማንን ነው የመለሱት?» አለችኝ።

ትናንት እሑድ በምእመናን ፊት ቆሜ፥ ቃሉ የእግዚአብሔር አለመሆኑን ተናገርሁ። ለማን እንደ ተናገርሁት፥ በየትኛው ዝናብ፥ በማን ደጃፍ ላይ እንደ ሆነ ግን አልተናገርሁም። እርሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ በፊቴ ልኬዋለሁ፤ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፥ በመጀመሪያው አውቶቡስ እከተለዋለሁ። በርሽን ብትዘጊብኝም ጥቅስ አልጠቅስም።

እግዚአብሔር መግባትሽንና መውጣትሽን ይጠብቅ፤ ልጅሽን በሞገስ ያሳድገው፤ ማዕድሽን ይባርክ፤ በቤትሽም ሰላም ይደር።

አባትሽ