ከሰማይ ይወርዳል የተባለው መብራት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፤ የካ

ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እትዬ ዘነበች፣ ዛሬ ሾላ ገበያ የምትሸጠውን እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ ስትወርድ ከኪዳነ ምሕረት በታች ወደቀች። እያስተማርኩ ሳለ ተጠርቼ ስደርስ ጎረቤቶች በቃሬዛ ቤት አድርሰዋታል። ወጌሻው ዳሌዋን ዳብሶ፣ "ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር አይታሰብም" አለ።

አመሻሽ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ፣ "ያ ከሰማይ ይወርዳል ያልከኝ መብራት የት ደረሰ?" አለችኝ።

የፊዚክስ መምህር የሆንኩ ሰሞን ነበር የነገርኳት። ከአንድ መጽሔት አንብቤ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ነበር። ደመናም ሌሊትም በማይጋርደው ጠፈር ላይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰፊ ሰሌዳ ይዘረጋል፤ ኃይሉም እንደ ሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይላካል። ያኔ እንጨት መሸከም ይቀራል ብያት ነበር።

"መቻሉስ ይቻላል፣ እትዬ። ግን ያን ሁሉ ዕቃ በሮኬት ማውጣቱ ለሀብታሞቹ አገሮችም ከብዷቸዋል። ትተውታል መሰለኝ።"

"ለእኛስ?"

"በእኔ ዕድሜ እንኳ የሚደርስ አይመስለኝም።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ታዲያ ለምን ነገርከኝ? ሸክሜን አስደግፌ ባረፍኩ ቁጥር ሽቅብ እያየሁ ስጠብቅ ኖርኩ እኮ።"

ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረግኩላት።

ልጇ ወይንሸት ጓዳ ሆና ስትሰማን ኖሯል። ወጣ ብላ፣ "ነገ እንጦጦ እኔ እወጣለሁ" አለች። የእኔ ደመወዝ ብቻውን ቤቱን እንደማያቆም ታውቃለች። አትሂጂ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።