ያልተቆረጠው ትርፍ ጨርቅ

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ከስፌት ቤቴ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለአንዲት ልጄ፤

ባሕር ተሻግረሽ ከሄድሽ ወዲህ ናፍቆትሽ ከትከሻዬ ያልወረደ ሸክም ቢሆንም፣ እኔስ ከጉልበቴ መንቀጥቀጥና ከመርፌ ቀዳዳ ጋር ከገጠምሁት የዘወትር ሙግት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ስለ እናትሽ ሳልጽፍልሽ የዘገየሁት ወሬ አጥቼ ሳይሆን ብዕሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ነገ ማለዳ ሐኪሞች ሆዷን ከፍተው የበቀለባትን ዕጢ ሊያወጡ ነው፤ ሐኪሙም ወደ ጎን ወስደውኝ፣ «አባቴ፣ አልዋሽዎትም፤ ከእንዲህ ያለው የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ብንተወው ግን ማንም አይተርፍም» አሉኝ።

በዚሁ ሰሞን ቀሚስ እንድሰፋላት አዘዘችኝ። ለየትኛው መንገድ እንደሆነ ሳልጠይቃት ጨርቁን ዘረጋሁ። የመነመነ ወገቧን በሜትር መክበብም ስለ ከበደኝ፣ እጄ ከሠርጋችን ጀምሮ የሚያውቀውን ልኳን ተማምኜ ቆረጥሁ፤ ዛሬ ስትለብሰው ታዲያ ቀሚሱ በላይዋ ላይ ድንኳን ሆነ።

«ምነው ሽማግሌው!» አለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ እየሳቀች። «ከእኔ ሌላ ወፍራም ሴት ደብቀሃል እንዴ?»

«አጠብበዋለሁ» ብዬ፣ ትርፉን ልቆርጥ መቀስ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ።

«እጠፈው እንጂ አትቁረጠው! እግዜር ሥጋዬን ሲመልስልኝ ምን ልለብስ ነው?»

ልጄ ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሜትር በቀር ምስክር ያላመንሁ እኔ፣ መግነዝ የምሰፋ መስሎኝ በስውር ሳለቅስበት የሰነበትሁትን ጨርቅ እርሷ ድና ልትወፍርበት እንዳዘዘችው ባወቅሁ ጊዜ፣ መቀሱን አስቀምጬ፣ ትርፉን በሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በቀላሉ እንዲፈታ አላልቼ ሰፋሁት። ጽኑ እምነት አለኝ ብዬ አልመጻደቅም፤ ደክሞኛል፤ ጸሎቴም አጥሮ፣ «አቤቱ፣ የእኔ ልክ እዚህ አለቀ፤ የቀረውን አንተ ታውቃለህ» ከማለት አላልፍም። ግን አልቆረጥሁትም።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ብቻ ያን ስፌት ጨርቁን ሳይጎዳ ለመፍታት ጥሩ ዓይን ያሻል፤ የእኔ ደግሞ ክሩን ከጨርቁ መለየት ተስኖታል። ቀሚሱን ከበሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።

በወጣሽበት ሁሉ በሰላም ግቢ፤ ያቺን ሳቋንም ለጆሮሽ ያቆይልሽ።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው