ሳላየው «ልክ ነው» ያልኩት

ለውዷ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? መቼም «ደህና ነኝ» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ አንቺን ብሎ ታማሚ! ስለዚህ ጎረቤትሽን ጠይቄአታለሁ፤ ደረጃ ስትወጪ ቆም ቆም እንደምትዪ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። የምለምንሽ ነገር አለ፤ ሮኬታችን ሲመጥቅ አጠገቤ እንድትቆሚ እፈልጋለሁ። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እምቢ እንዳትዪ።

መጀመሪያ ግን ለደንበኞችሽ ሁሉ «የእህቴ ልጅ ሮኬት ትነዳለች» ማለትሽን ተዪ፤ በሳቅ ገደልሽኝ። ሮኬት ማንም አይነዳውም። ወዴት እንደዞረና የት እንደደረሰ ራሱ እያወቀ መንገዱን እንዲያስተካክል ማድረግ ነው ሥራዬ። እዚህ ለመድረስ የፈጀብኝን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በስፌት መኪናሽ ጠርዝ ላይ፣ የክር ቁርጥራጭ ከደብተሬ እፍ እያልኩ ነው ሒሳብ የሠራሁት። ከዩኒቨርሲቲ በኋላ አራት ዓመት የአውሮፕላን መሣሪያ ጠገንኩ፣ ከዚያ ሴንሰር የሚባሉትን መለኪያዎች መፈተሽ ተማርኩ፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ የቡድን መሪ ሆንኩ።

አሁን አይደለሁም። እንዳትደነግጪ፤ ልንገርሽ።

ሮኬቱ ላይ መዞርን የሚለኩ ሦስት ሴንሰሮች አሉ። ከመምጠቁ በፊት የተገጠሙበትን ሳጥን በእጃችን እናዞረዋለን። አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ወዴት እንደዞረ ይጮኻል፣ ሦስተኛው ስክሪኑን አይቶ ልክ መሆኑን ይናገራል፤ ይፈርማልም። የልጅ ጨዋታ ነው እያልን እንቀልድበታለን። የዚያን ቀን ስክሪኑ ላይ እኔ ነበርኩ። የሁለቱን ሴንሰሮች ቁጥር አየሁ። በሦስተኛው ሴንሰር ላይ፣ ጺሞ የምንለው ቴክኒሻን «ቀኝ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ቁጥሩ እስኪቀየር ሳልጠብቅ «ልክ ነው» አልኩ፤ ፈረምኩ። የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ርቦኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። በአራተኛው ቀን አለቃችን ቢሮ ገብቼ ተናገርኩ። ይህን ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ሳጥኑ እንደገና ተከፈተ። ሴንሰሩ ተገልብጦ ነበር የተገጠመው! እንዲሁ ቢመጥቅ ኖሮ፣ ሮኬቱ ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስሎት ራሱን ይበልጥ ወደ ግራ ይገፋ ነበር። አንቺ ለዚያች ሙሽራ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርገሽ የቆረጥሽው ዓይነት ስህተት ነው፤ ጨርቅ ግን ይተካል።

ጉዞው በአንድ ወር ተራዘመ፤ መሪነቱም ለሌላ ተሰጠ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ጺሞ ውሃ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ እኔ ብሆን አልናገርም ነበር አለኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ሮኬቱ በሚመጥቅበት ቀን አንድ እንግዳ ብቻ ነው የሚፈቀድልን፤ እሱም እናት፣ አባት ወይም የትዳር ጓደኛ መሆን አለበት። የልደት ምስክር ወረቀትም ተጠየቅን። ከመዝገብ ቤት ዋናውን አወጣሁት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የእናት ስም» ከሚለው ጎን ያለው ስም ያንቺ ነው፤ ዕድሜ አሥራ ሰባት ይላል። እማዬ ያኔ ከሠላሳ አልፋ ነበር። ያቺን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አቅፌ ላባብላት አማረኝ፤ ብቻዋን ምን ያህል ፈርታ ይሆን?

እማዬን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማንም ከልቤ አያወጣትም። አንቺንም ምንም አልጠይቅሽም። መናገር ስትፈልጊ እሰማሻለሁ፤ ካልፈለግሽም ግድ የለም፣ ፍቅሬ ያው ነው። ቅጹን ግን ሞልቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ስምሽን ጻፍኩ፤ «ዝምድና» የሚለው ቦታ ላይም መዝገቡ የሚለውን ጻፍኩ። የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። ከፈረምሽ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጥቼ፣ ሻንጣሽን ተሸክሜ፣ የመመልከቻ ሰገነቱን ደረጃ ቀስ እያልን አብረን እንወጣለን።

እስከዚያው ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ እጅሽን ከመቀስ ይጠብቅልኝ፤ ክፉሽን አያሳየኝ።

ልጅሽ