ለእምዬ ወተት ፍለጋ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዋኘው፤ ካለህበት ሐዋሳ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለው? እመቤትስ እንዴት ናት? ልጆቹስ የዚያ አገር ሙቀት ተስማማቸው? እኛ ጥር ውርጩን አውርዶብን እጃችንን ከጋቢ ሳናወጣ እንውላለን እንጂ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። በስልክ እንዳልነግርህ ኔትወርኩ ገና ሰላም ሳንባባል ይቆረጣል፤ ባይቆረጥም አንተ የራስህን ተናግረህ ነው የምትዘጋው። ስለዚህ ወደዚያ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለደርበው ይህን ሰጥቼዋለሁ። እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ፤ ግዴታህ ነው።

«ለእምዬ የታሸገ ወተት እንዳትሰጫት፤ በቀጥታ ከገበሬ የታለበውን ብቻ» ብለህ ያዘዝከኝን ታስታውሳለህ? ድንቄም! ሐዋሳ ቁጭ ብሎ ማዘዝ ምን ይከብዳል? አዊ የላም አገር ነው፣ ወተት እንዴት ይጠፋል አልከኝ ደግሞ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

እምዬ ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ እህል አልቀምስም ብላ አስጨነቀችኝ። ሐኪሙም ቢያንስ ወተት ትጠጣ፣ በዚህ ከቀጠለች ቁስሉም አይድን፣ አቅሟም አይመለስ ብሎ አስጠንቅቆኛል። እሷ ግን ያመጣሁላትን ሁሉ እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ ትመልሰዋለች። እዚሁ ሰፈር ከሚሸጡት ብገዛላት «ይኼስ የዕቃ እጣቢ ነው» አለች። አልተሳሳተችም፤ ውኃው ከወተቱ ይበዛል። ዳንግላ ጥሩ ላሞች የሚያረባ ሰው አለ ሲሉኝ እዚያ ድረስ ሄድኩ። ወተቱ እውነትም መልካም ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ፀሐይ ላይ ተገትሬ ቆይቼ፣ ቤት ገብቼ ሳፈላው ተበጣጥሶ አረፈው። ሲቸግረኝ የታሸገውን በድብቅ በብርጭቆ ገልብጬ ብሰጣት አሸተተችና «የላሟ ስም ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። 

በመጨረሻ ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ አገራችን፣ ወደ አጎታችን ልጅ ወደ ወገኔ ቤት ሄድኩ። ጥገት እንዳለችው ሰምቼ ነበር። ባዶ ሃይላንዶቼን በፌስታል አንጠልጥዬ ስደርስ ሚስቱ እታለማሁ አገላብጣ ስማ ተቀበለችኝ። እኔ ደግሞ የከተማ ሰው ሆኜ የለ፣ ገና መደቡ ላይ ሳልደላደል ብሬን አወጣሁና ወተት እንድትሸጥልኝ ጠየቅኋት። ፊቷ ልውጥ አለ። ላሟ ነጥፋለች አለችኝ። ጥጃው እኮ አፉ አረፋ እንደለበሰ በር ላይ ቆሟል! ዘመድ እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል ብዬ እየበገንኩ ተመለስኩ።

ይህንን ለእምዬ ሳወራላት ምን ብትል ጥሩ ነው? ለኔ መሰለህ ያዘነችው? ለእታለማሁ ነው! ወተት ይሰጣል እንጂ ይሸጣል ወይ፣ የወገኔ ሚስት የጥጃዋን ጉሮሮ ዘግታ ወተት ቸረቸረች ተብሎ አገር ይሳቅባት ወይ፣ ለላሟ ጨው ይዞ ሄዶ እናቴ ታማብኛለች ማለት ነበር እንጂ፣ አዋረድሽኝ፣ ብላ ጮኸችብኝ። ወንድሜ፣ ያቺ ደግፌ የማነሳት ሴትዮ በንዴት ብቻዋን ከአልጋ ወርዳ ቆመች! ነጠላዬን አምጪ፣ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለች። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ቁስልሽ ይፈታል ብል ማን ይስማኝ? ሐኪሙን ባማክር እሱም ቀስ ብላ ትሂድ፣ መንቀሳቀሱ ይጠቅማታል አለኝ። ምን ላድርግ? ግምጃ ቤት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ ጋሪ ላይ ፍራሽ ደልድዬ ወሰድኳት። በየጉድጓዱ የኔ ነፍስ ስትወጣ እሷ ባለጋሪውን ምን ያንቀራፍፍሃል ትለዋለች።

እታለማሁ ገና ከሩቅ ስታያት ሮጣ ወጣች። ተቃቅፈው በአገውኛ ተላቀሱ። ስለ ወተት አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። እምዬ ይዘን የሄድነውን ጨው በእጇ አድርጋ ላሟን አላሰቻት፤ ስሟንም ጠየቀች። ከዚያማ ያቺ ነጥፋለች የተባለች ላም ታለበች! በወይራ በታጠነ ማለቢያ፣ ገና ትኩስ እንዳለ ቀረበላትና እምዬ ሳትተነፍስ ጨለጠችው። በማንኪያ ስለምናት የከረምኩት እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ደስታው ደስታ ነው፤ ግን አልዋሽህም፣ ቅናቱ አንጨረጨረኝ።

ይኸውልህ፣ ከዚያ ወዲህ አልመለስም ብላ እዚያው ቀርታለች። ወተቷን ትጠጣለች፣ እህልም ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ምርኩዟን ይዛ አባታችን ካረፈ በኋላ እሷን ወደ ከተማ ስናመጣ የዘጋነውን ያንን ቤቷን ልታይ ትወርዳለች። ክዳኑ በስብሶ ወድቋል፤ ግቢውን ሳማ ውጦታል። እሷ ግን ምሰሶውን እየነካካች ደህና ነው ትላለች። ትናንት ልወስዳት ብሄድ፣ ለዋኘው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ «ወተት አትፈልጉልኝ። ቤቴን ክደኑልኝ።»

ተከራክሬ ደክሞኛል፤ አልቅሼም አይቻለሁ። ያኔ ከእኛ ጋር የመጣችው እንቢ ማለት ከብዷት እንጂ ወዳ እንዳልነበረ አሁን ገብቶኛል። በል እንግዲህ፣ ዝናብ ሳይጥል ና። ከሐዋሳ ሆኖ ቤት አይከደንም።

እመቤትን ለኔ ብለህ እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ጢሞቲዎስን፣ አክስትህ ቁመትህን ልታይ ናፍቃለች በለው። ትንሿን ፋናን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ወገኔና እታለማሁ እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሃል። እምዬ ለሰላምታ ከላይ ያለው ቃሌ ይበቃዋል ብላለች።

እህትህ ማናየሽ
እንጅባራ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.