የፒካፑን መሪ ያሠራን ሰሞን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። ጠዋት 4፡00

ከገበያ ገባን። ሽንኩርቱ ደህና። ቲማቲሙ ግማሹ ተጨፍልቋል። ጥፋቱ የመሪው ነው። ባሌ ታዬ ወደ ግራ ያዞራል፣ መኪናዋ ዝም። ትንሽ ይጨምራል፣ አሁንም ዝም። ከዚያ ከእንቅልፍ እንደባነነ ሰው ድንገት እጥፍ! አንድ ባጃጅ ለጥቂት ተረፈ። ባለባጃጁ አንገቱን አውጥቶ ያለውን እዚህ አልጽፍም። ደብተሬ፣ አንተ ጨዋ ነህ።

ባሌ ይስቃል። በወንጂ ሠላሳ ዓመት ሸንኮራ የጫነ መኪና ነድቻለሁ፣ ይቺን አሮጌ ፒካፕ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም ይላል። ማወቁንስ ያውቃታል። ከመታጠፊያው አሥር እርምጃ ቀድሞ ማዞር ይጀምራል፤ እሷም ልክ ስትደርስ ትታጠፍለታለች። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን እየረገጥኩ እሄዳለሁ። ቀኝ ጉልበቴን የሚያመኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ አዳሚ ቱሉ ልንሄድ ነው። ልጃችን ሊዲያ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን! ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፈን፣ ከእነዚያ ተሳቢዎች ጋር እየተጋፋን፣ በዚህ መሪ? ሁለት ዓመት ሙሉ ይሠራ ስለው ሰበብ አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ቁርጡን ነገርኩት። ካልተሠራ እኔ በሚኒባስ፣ አንተ ብቻህን። ተኮራረፍን። ምሳ ላይ እሺ አለ። እሺ ሲል ግን ፊቱ ደስ አላለኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ከሰዓት

ገመቹ ጋራዥ ዋልን። ገመቹ አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዛሬ ጺሙ ሸብቷል፣ እኔ ግን አሁንም ቲቸር ነኝ። አካም ጅርቱ ቲቸር ብሎ ዘይት የነካው እጁን ትቶ በክንዱ ጨበጠኝ።

እሱ ከሥር ገባ። መሪውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይበሉልኝ አለኝ። ሹፌር ወንበር ላይ ወጣሁ። በትዳራችን ሁለተኛዬ መሆኑ ነው! የመጀመሪያው ወንጂ እያለን፣ በተጋባን በወሩ። ያኔ ታዬ መንዳት አስተምርሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ከዚያ እርግዝና መጣ፣ ከዚያ ት/ቤት፣ ከዚያ ሌላ እርግዝና። ቃሉም እዚያው ቀረ።

የተገኘው፦ የመሪው ዘይት ይፈሳል፣ ቱቦው ተሰንጥቋል። ከመሪው ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ክንዶች መጋጠሚያቸው አልቋል። የመሪው ሳጥንም ላልቷል። ገመቹ ይህ መሪ ሳይሆን ጌጥ ነው አለ። ነገ ይደርሳል።

ታዬ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ዳር ቆሞ ዋለ። ልጁ ቀዶ ጥገና የገባበት አባት ይመስላል። አንጀቴን በላው። ቤት ገብተን ሻይ ቀዳሁለት። ግማሽ ብቻ አለ፣ የሰሞኑ ልማዱ ነው። ስኳር ለመቀነስ ከሆነ እሰየው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። ማምሻውን

መጣች! ገመቹ ራሱ በር ድረስ ነድቶ አመጣት። በአንድ ጣቱ መሪውን አዙሮ አሳየን። አጨበጨብኩ፣ ጎረቤት እስኪወጣ።

ከዚያ ታዬ ነዳ። እኔም አጠገቡ። ወደ ደራ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ እንደወጣን መኪናዋ ግራ ቀኝ፣ ትንሽ ትንሽ ትል ጀመር። መስመሯን አትይዝም። ታዬ ላቡ መጣ። ገመቹ አበላሽቷታል አለ። ጮኸ። ታዬ እኮ አይጮኽም!

ተመለስን። እራት አልበላም ብሎ ተኛ። እኔም ገመቹ ላይ ተናድጃለሁ። ነገ ደውዬ አምስተኛ ክፍል እያለ እቆጣው እንደነበረው ነው የምቆጣው።

አርብ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት 4፡30

ሳልደውል ራሱ መጣ። ታዬ ቤ/ክ ሄዷል። ገመቹ አልቀመጥም አለ፣ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሻሻል። ጠዋት ጋራዡን ሲከፍት ታዬን ደጁ ላይ ቆሞ አገኘው። ታዬ የጠየቀውን ገመቹ እንደነገረኝ ልጻፈው፣ ማመን ስላቃተኝ።

«አቦ ቲቸር፣ ስንት ዓመቴ በዚህ ሥራ። መሪ አጥብቅልኝ እንጂ እንደ ድሮው አላላልኝ ያለኝ ሰው የለም። ጋሼ ለመኑኝ። እኔ ደግሞ አልችልም፣ ሰው ይሞታል።»

ታዬ መኪናዋን ይዟት ሄዶ ስለነበር ገመቹ ራሱ መልሶ ነድቷታል። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ምንም የላትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጋሼን እጅ አይተውታል ወይ አለኝ።

ደብተሬ፣ ያኔ ነው ሁሉም የመጣልኝ። ግማሽ ብርጭቆው። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ትቶ ሹራብ ብቻ ማዘውተሩ። ቅጽ ሲመጣ አንቺ ሙዪው፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ማለቱ። እጁን ኪሱ ከትቶ መዋሉ። መሪው ላልቶ ሳለ የእጁ መንቀጥቀጥ ጎማው ጋ አይደርስም ነበር። አሁን ጠበቀ። እጁ የሚለውን ሁሉ ጎማው ይሰማል።

ሁለት ዓመት ደበቀኝ። እኔ፣ ከኋላ ወንበር የሚኮርጅ ተማሪ አንድም ቀን አምልጦኝ የማያውቀው! ጽሕፈትሽ ያምራል ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አፈርኩ። ተናደድኩም። ከሁሉም በላይ ግን አሳዘነኝ።

ያው ዕለት። 11፡00

ከቤ/ክ ገባ። ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ፣ ሁለቱንም ግማሽ ቀዳሁ። አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለራሴ። ብርጭቆዬን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ገመቹ ነገረሽ አለ። አዎ አልኩ።

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። ተንቀጠቀጡ። ዝም ብሎ ተዋቸው። የእኔን ደረብኩባቸው፣ የእኔም አብረው ተንቀጠቀጡ።

በሽታውን አይደለም የፈራው። ቁልፉን የሚቀሙትን ቀን ነው። ሰው ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ አሁን የሚያደርሱት ሊሆን። ስለደበቅከኝ ተቀይሜሃለሁ አልኩት። ተቀየሚ፣ መብትሽ ነው አለ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ጸለይን፣ ሻዩም ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። አዳሚ ቱሉ

በሚኒባስ መጣን። ታዬ ጋቢና ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ሆኜ አየሁት፤ እስከ መቂ ድረስ በቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጉልበትህን እንዳያምህ አልኩት። ገባው፣ ሳቀ።

ሕፃኑ ቁርጥ ታዬን። ታዬ ግን አላቅፍም አለ፣ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ። ሊዲያን ጓዳ ወስጄ ነገርኳት። አልቅሳ ፊቷን ታጠበች። ወጥታ አባቷ ጭን ላይ ትራስ አደረገች፣ ትራሱ ላይ ልጁን። የታዬ እጅ ትራሱ ሥር ይንቀጠቀጣል። ልጁ ትንሽ ተነጫነጨ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ሊዲያ እሽሩሩ የሚልልኝ አግኝቻለሁ፣ እናቴ ሆይ አንቺ ተመለሺ አባቴን ትተሽልኝ ሂጂ አለች።

ታዬ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሆስፒታል ዋልን። ዶ/ሯ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። እጅዎን ይዘርጉ አለችው፣ አራመደችው፣ በወረቀት ላይ ክብ እንዲሥል አደረገችው። ክቡ ክብ አልሆነም። መድኃኒት አለ፣ ሌላ ምርመራም ይቀራል። መንዳት ግን ለጊዜው የለም አለች። እሺ አለ፣ እንደ ተማሪ።

ቤት ስንገባ የፒካፑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። እንሽጣት ሊል ነው ብዬ ፈራሁ።

መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከተጋባን ጀምሮ ዕዳሽ አለብኝ አለ።

አንተ ሰውዬ፣ ስድሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው! ጉልበቴንስ? መሪዋ በአንድ ጣት ነው የምትዞረው አለኝ። አስቱ፣ ለእኔ አልሆን አለች እንጂ ለአንቺ ነው የተሠራችው አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት 12፡15

ወስኛለሁ። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ እመዘገባለሁ፣ ከልጆቼ የሚያንሱ ወጣቶች መሀል። እስከዚያ ታዬ ሜዳ ላይ ያለማምደኛል። መኪናዋን ገመቹ ሜዳው ድረስ ያደርስልናል፤ ሊስቅብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይሳቅ። የልጅ ልጄ ልደት ሲደርስ አዳሚ ቱሉ የምንሄደው በፒካፓችን ነው። ነጂዋ እኔ ነኝ።

ውጭ ክላክስ ይጮኻል። ታዬ ነው፤ ገመቹም ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ቀድሞኝ ገብቶ በተሳፋሪው ወገን ተቀምጧል፣ ከዚያ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ነው የሚነፋው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክላክሱ ይቆራረጣል። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፣ እሱ ግን ግድ የለውም። መጣሁ፣ መጣሁ! ደብተሬ፣ ፍሪሲዮን በግራ እግር፣ ፍሬን በቀኝ፣ መሪውን ደግሞ ቀስ…