የማይወዛወዘው ቀኝ እጄ

ጁባ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዶክተር ሳምሶን በየቅዳሜው ቶንፒንግ ሰፈርን አብረን እንድንዞር የሚጠራኝ ጨዋታዬን ወዶ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እውነቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ ሲራመዱ ቀኝ እጅዎ አይወዛወዝም። የደረቅ ዓሣ ተራውንም አፍንጫዎን ሳይዙ የሚያልፉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ ሲጀምር እንዲህ ያደርጋል፤ አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ቢመረምርዎት ጥሩ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠረጠርከው?»

«ከፋሲካ። ለባለቤትዎም ነግሬያቸዋለሁ።»

ሚስቴ ሠርግ አለብን ብላ ለኅዳር ያስቆረጠችኝ የአዲስ አበባ ቲኬት ለዚህ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከሠርጉ የምቀርበትን ሰበብ ሳሰላስል ከረምኩ።

ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ብቻዬን ተመለስኩ። ቀኝ እጄን እንደ ሰልፈኛ ወታደር ሆን ብዬ አወዛወዝኩት። እሱንና ሚስቴን በልቤ መስደብ ስጀምር ግን እጄን ዘነጋሁት፤ ዝቅ ብዬ ሳየው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እሱም ከእነሱ ጋር ወግኗል።